ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ

ዛሬ የምጽፈው በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ እለምናለሁ፤ በነገሩ ቀድሜ የተያዝኩት እኔው ነኝ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እኛም ደብረ ማርቆስ ያለን ሰዎች ለጥቂት ቀን ነው ብለን ነበር። ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ክረምት ነው፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ አለ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ በተኩስ ድምፅ ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ስለ ጸጥታው የምጽፍበት ቦታ ይህ አይደለም። የምጽፈው በዚያ ወቅት አንዲት ወጣት እህት ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ ቀርባ ስለ ነገረችኝ ነገር ነው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ጌታ ዝም ብሎኛል።»

ሐዘን ይሆን፣ የተሰወረ ኃጢአት ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። ሁለቱም አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል በየማለዳው ከአልጋዋ ሳትነሣ የአንድ አገልጋይን የቀጥታ ሥርጭት ስትከታተል ኖራለች። «ይህን የምታይ አንዲት እህት አለች» ሲል እኔን ነው ትላለች፤ «አሜን፣ ተቀብያለሁ» ብላ ትጽፋለች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ኔትወርኩ ሲጠፋ የማለዳው ቃልም ጠፋ። በእርሷ አቆጣጠር እግዚአብሔር ዝም ያለው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው።

ልስቅ ቃጥቶኝ ነበር። ያልሳቅሁት በዚያው ሳምንት እሑድ የማካፈል ተራ የእኔ ስለ ነበረና እጄ ላይ ምንም ስላልነበረኝ ነው። የቅዳሜ ማታ ልማዴን ልናዘዝ፦ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዩቲዩብ እከፍታለሁ፣ ሁለት ሦስት ስብከት አዳምጣለሁ፣ የአንዱን መግቢያ፣ የሌላውን ምሳሌ፣ የሦስተኛውን መደምደሚያ ወስጄ በማስታወሻዬ እጽፋለሁ፤ ጥቅሱን መጨረሻ ላይ ከመተግበሪያው ፈልጌ እለጥፍበታለሁ። ሰዎች «ተባርከናል» ይሉኝ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ማታ ግን መብራትም አልነበረም። በሻማ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በብዙ ወራት ውስጥ አንድ ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የወጣልኝ ኤርምያስ 23 ነው። ቁጥር 30 ላይ እግዚአብሔር ቃሉን አንዱ ከሌላው በሚሰርቁ ነቢያት ላይ መነሣቱን ሲናገር፣ ሻማውን አጥፍቼ ብተኛ ይሻለኝ ነበር።

ጳጉሜን ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። እንደምታውቁት በየአዲስ ዓመቱ ዋዜማ «የዓመቱ ቃል» የሚባል ነገር አለን። የከፍታ ዓመት፣ የመውረስ ዓመት፣ የበር መከፈት ዓመት። ቃሉ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ይወጣል፣ በቴሌግራም ይወርዳል፣ አባይን ተሻግሮ እኛ ጋ ይደርሳል፤ እኛም በባነር አሠርተን መድረክ ላይ እንሰቅለዋለን። በ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ግን የእኛ መድረክ ባዶ ነበር። የዓመቱን ቃል ማንም አላመጣልንም። አንድ ወንድም በግልጽ «ታዲያ ዓመቱ ምን ይባል?» ብሎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ ድረስ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ዓመቱ ስም ካልወጣለት አይገባም የተባለ ይመስል።

ወገኖቼ፣ ይህን ሳነሣ ቴክኖሎጂ ከሰይጣን ነው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ወንጌልን የሰማችሁት በስልክ መሆኑን አውቃለሁ። ከእኛ በፊት የነበሩትም በሬዲዮ ሰምተዋል። «የወንጌል ድምፅ» የሚባለው የሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት ሲጀምር ሰባኪ ሊገባባቸው ያልቻለ ቤቶች ውስጥ ገብቷል። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ጣቢያውን ወርሶ ስሙን ወደ አብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲቀይረው የዚያን ጊዜ አድማጮችም በአንድ ቀን ውስጥ የለመዱትን ድምፅ አጥተዋል። የዚያ ዘመን ኔትወርክ የጠፋው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት የታሸጉባቸው፣ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያመለኩባቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ያለፉ አባቶችና እናቶች አሁንም በመካከላችን አሉ። አብራችኋቸው ስትጸልዩ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጸሎታቸው ጥቅስ በጥቅስ ነው። ገጽ አይገልጡም።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ወላይታ አለ። ጣሊያን ሲገባ፣ በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ አገሩን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። በእጃቸው የቀረው በቋንቋቸው የተተረጎመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍሎች ብቻ ነው። ሚሲዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞችን አገኙ። እኛ በማርቆስ ስም የተጠራች ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ሙሉውን መጽሐፍ በአራት ዓይነት ትርጉም በስልካችን ይዘን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ተራብን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በጉባኤያችን አንዲት እናት አሉ። የተወለዱት በቢቸና በኩል ነው፤ አባታቸው ካህን ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። በልጃቸው ምስክርነት ጌታን እንደ ግል አዳኛቸው ተቀብለው ወደ እኛ ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። መዝሙሩ ከበሮና ኪቦርድ ሲበዛበት ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። አማርኛችን ራሱ፣ ያ «ቅባት» «መለቀቅ» «መተላለፍ» የምንለው፣ ብዙ ጊዜ አይገባቸውም፤ ግን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

በዚያ ጨለማ ሳምንት፣ ሐሙስ ማታ፣ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን ተሰበሰብን። ወጣቶቹ ስልካቸው ጠፍቷል፤ ቻርጅ የለም። መጽሐፍ ቅዱስ በወረቀት የያዘው ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ ሻማውም አንድ። ተኩሱ ያን ዕለት ቀረብ ያለ ነበር። መዝሙር ጀመርን፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ ጠፋን፤ ስክሪን ላይ እያየን መዘመር ስለለመድን። ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከጥጉ በኩል እማማ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ። በግዕዝ ነው። እኛ 91ኛ የምንለው፣ በዳዊቱ 90ኛ የሆነውን መዝሙር። አንድም ቦታ ሳይሰናከሉ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ሲጨርሱ «አባቴ ሌሊት ሌሊት ሲደግም ነው የያዝኩት፤ እሳት እያነደድኩለት» አሉ። ከዚያም እንደ ማፈር ብለው፣ «ይቅር በሉኝ፣ እናንተ ቤት ግዕዝ አይፈቀድም መሰለኝ» አሉን።

ያ ንግግር ከተኩሱ ይልቅ አስደነገጠኝ። ማን ከለከላቸው? ማንም «አይፈቀድም» ብሎ አላወጀም። ግን በፌዝ፣ በፊት ገጽታ፣ «እሱ የድሮው ነገር ነው» በሚል ንግግር እያደር አስተምረናቸዋል። እኚህ እናት በውስጣቸው ምን ያህል የእግዚአብሔር ቃል ተሸክመው በኋላው ወንበር እንደ ተቀመጡ ሳናውቅ፣ እኛ ከፊት ማይክሮፎን ይዘን ከዩቲዩብ የተቃረመውን እናከፋፍል ነበር። በዚያ ማታ ቃሉን በአማርኛ እያስረዱ፣ ቁጥር በቁጥር፣ አንድ ሰዓት ያህል አስተማሩን። ያቺ «ጌታ ዝም ብሎኛል» ያለችኝ እህት እግራቸው ሥር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

ጎጃም ያደገ ሰው የምለውን ያውቃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየበሩ እየለመነ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ያላየ የለም። ዋሸራን፣ ዲማን፣ ደብረ ኤልያስን ስም ጠርቶ የማይኮራ የለም። ከቅኔው በፊት ግን ዳዊት አለ፤ 150ውን መዝሙር እስኪጨርስ ድረስ ተማሪው ዳዊት ነው ኑሮው። ዓይናቸው የጠፋ የኔታዎች ደቀ መዝሙሩ አንዲት ቃል ሲያፈርስ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልባቸው ያርማሉ። ገበሬውም እርሻ ሳይወጣ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቶ የዕለቱን ድርሻ ይደግማል። እኛ ወንጌላውያን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ሃይማኖተኝነት» ብለን ጥለነው ወጣን። ከጣልነው ውስጥ የራሳችን እንጀራ እንደ ነበረበት አላየንም።

መልሳችሁ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ያልኩት ነውና። «ሳይገባቸው ይደግማሉ፤ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ቃሉ በልባቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው።» ይህ ክርክር መሠረት አለው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ የሚያስረዳው ሰው አስፈልጎታል (ሐዋ. 8፥26-40)። ደግሞም ያ እማማ የደገሙልንን መዝሙር ጌታችንን ሊፈትን የመጣው ዲያብሎስም በቃሉ ያውቀው ነበር (ሉቃ. 4፥10-11)። ስለዚህ በቃል መያዝ ብቻውን አያድንም፤ ማዳኑ የክርስቶስ ነው።

ነገር ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። ግዕዙን ሳይሰማ የሚደግም ሰው ቢያንስ በአፉ ያለው የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ አንድ ቀን የሚተረጉምለት ፊልጶስ ቢመጣ የሚተረጎም ነገር አለው። የእኛ ወጣት በስልኩ ያስቀመጠውን የአንድ ደቂቃ «ትንቢት» ፊልጶስ ቢያገኘው ከየት ጀምሮ ኢየሱስን ይሰብክበታል? ደግሞም ሰይጣን ያንን መዝሙር ሲጠቅስ ጌታ የመለሰለት ከዘዳግም ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ ያውም ምድረ በዳ ላይ፣ ጥቅልል በሌለበት። መስቀል ላይም ሳለ በአፉ የነበረው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ 22ኛውና 31ኛው። የናዝሬት ልጅ በምኩራብ የያዘውን ነው በቀራንዮ የጸለየው።

ለአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ዕዳ አለብን። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው፤ የጎጃም ሰው እንደ ነበር ይጻፍለታል። አገር ለአገር ዞሮ፣ ታሞ ካይሮ ላይ ወድቆ ሳለ አንድ የፈረንሳይ ቆንስል አነሣው፤ ከዚያ ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን በር ዘግተው አሥር ዓመት ያህል ሠሩ። ከ9,000 ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ነው። አቡ ሩሚ ሥራው ታትሞ ሳያይ እዚያው ካይሮ ሞተ። አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ለንደን ላይ ታተመ። ያ ሰው የተነሣው እንግዲህ ከዚሁ ከምንንቀው የቃል ትምህርት ነው፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ባይሆን ኖሮ አሥር ዓመት ሙሉ ቃሉን በአማርኛ ሲያወጣ ባልዘለቀም ነበር። እኛ ደግሞ በር የምንዘጋው ለሌላ ነው፣ በስልክ ሲያወሩን እንዳይረብሹን።

ትንቢትን አልንቅም። ጳውሎስ ተሰሎንቄ ላሉት ትንቢትን እንዳይንቁ ከነገራቸው በኋላ ወዲያው ሁሉን እንዲፈትኑ ያዝዛቸዋል (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)። በምን ይፈትኑ? የቤርያ ሰዎች ሐዋርያውን ራሱን በየዕለቱ በመጻሕፍት ይመረምሩ ነበር (ሐዋ. 17፥11)። መመርመሪያው በእጅህ፣ ይልቁንም በልብህ ከሌለ፣ ማለዳ ማለዳ በስልክህ የሚገባውን ድምፅ በምን ትለየዋለህ? አንዲት እህት ለሁለት ዓመት ያህል በየማለዳው «በር ይከፈትልሻል» ስትባል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ስለ ኃጢአቷ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ታመመ ወንድሟ አልተነገራትም። ይህን እርሷ ራሷ ናት የነገረችኝ። ሁልጊዜ የሚያሞግስ ነቢይ የአክዓብን አራት መቶዎች ያስታውሰኛል፤ ሚክያስ ግን አንድ ነበር (1ኛ ነገ. 22)። አገልጋዩን በስም አላነሣም፤ እንደ እርሱ ያለ ብዙ ነው፣ እኔም በቅዳሜ ማታ ልማዴ ከእነርሱ ተቆጥሬ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ መያዝ ጀመርን። አሠራሩ ቀላል ነው። ፊልጵስዩስን መረጥን፤ 104 ቁጥር ነው፣ አራት ምዕራፍ። በሳምንት አምስት ስድስት ቁጥር። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይደግማል፤ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ እንነጋገራለን፤ ከዚያ በዚያው ቃል እንጸልያለን። ጳውሎስ ከእስር ቤት የጻፈው መሆኑ በዚያን ጊዜ ለእኛ ሩቅ ነገር አልነበረም። ማንበብ የማይችሉ ሁለት እናቶች ከተማሩት ቀድመው ያዙ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በምዕራፍ ሁለት ክርስቶስ ራሱን ባዶ ያደረገበት ላይ ሲደርስ አቆመና፣ «ይህን በሕይወቴ ሁሉ 'የከፍታ ዘመን' እያልኩ ስዘምር ነበር» አለ። ማናችንም አልመለስንለትም።

በየቤታችሁ ልትጀምሩ የምትሹ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ልጆች ይቀድሟችኋል፤ አትፈሩ። መምህር ፍለጋም አትድከሙ፤ በጉባኤያችሁ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላ ተከናንባ የተቀመጠች እናት ካለች ጠይቋት። ከኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁም ጋር በዚህ ጉዳይ ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ፣ በክርክር ያላገኛችሁትን በር ታገኛላችሁ። የእኔ ጎረቤት፣ ለዓመታት ሰላምታ ከመለዋወጥ ያላለፍን ሰው፣ ፊልጵስዩስን እየያዝን መሆኑን ሲሰማ «እናንተም ትደግማላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ቡና ጠራኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ክርስቶስ ሁለት ጊዜ አውርተናል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደስ አለን፤ ለምን አይለን፣ ከዘመድ ተቆራርጠን ነበርና። የሐሙሱ ኅብረት ግን ሃያ ከደረሰበት ወደ ሰባት ወረደ። የማለዳው ሥርጭትም ተመልሷል። ያቺን እህት «ትከታተያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን አልቀረችም።

ፊልጵስዩስን ጨርሰን አሁን ዮናስ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነን። በዓሣው ሆድ የተጸለየው ጸሎት ማለት ነው፤ ከመዝሙራት በተወሰዱ ቃላት የተሞላ፣ ብራና በሌለበት፣ ብርሃን በሌለበት። ባለፈው ሐሙስ ተራው የእርሷ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ አንድ ቃል ዘለለች። ከጥጉ በኩል እማማ በግዕዝ አረሟት። ለካ የዮናስ ጸሎት ከዳዊቱ መጨረሻ፣ ከጸሎተ ነቢያት ውስጥ አለ፤ እርሱንም እሳት እያነደዱ ነው የያዙት። እህታችን ግዕዙን አልሰማችም። «እማማ፣ ምን አሉ?» አለች። እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ቀስ ብለው በአማርኛ ይነግሯት ጀመር።